በጥቁር ሰሌዳው ጥግ

ልጄ ባለፈው ኅዳር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ሞኒተር ሆንኩ!» አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ናት። ሳምኳትና ሞኒተር ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳት። «ቲቸር ስትወጣ የሚረብሹትን ስም እጽፋለሁ» አለችና ከደብተሯ መሃል በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከላይ «ረባሾች» ይላል፤ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከሥሩ ዘጠኝ ስሞች አሉ። ከስሞቹ ጎን የኤክስ ምልክት ተደርጓል፤ አንዱ ጋ አንድ፣ ሌላው ጋ ሁለት። የአንዲት ልጅ ስም ግን አራት ኤክስ ነበረው።

«ይህቺ ልጅ ምን አድርጋ ነው?»

«እያለቀሰች ነው። ዝም በይ ስላት ዝም አትልም።»

ልጄ ክፉ አይደለችም። የተሰጣትን ሥራ በሚገባ እየሠራች ነበር። ድምፅ ያሰማ ሁሉ ረባሽ ነው ተብላለች፤ ልጅቱ ደግሞ ድምፅ አሰምታለች። ለምን እንደምታለቅስ ጠይቂ ያላት ሰው የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ስለ ራሴ እያሰብኩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለውን ወረቀት በየቀኑ ከልጆች እጅ እየተቀበልኩ፣ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች እየጠራሁ፣ አንዱንም ለምን ብዬ ሳልጠይቅ የቀጣሁባቸው ዓመታት ነበሩ።

በአገራችን የተማረ ሰው ሁሉ ያንን የጥቁር ሰሌዳ ጥግ ያውቀዋል። መምህሩ ሲወጣ አለቃው ጠመኔ አንሥቶ ከሰሌዳው ፊት ይቆማል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይስቃል፤ የሳቀው ስሙ ይጻፋል። «አጥፋልኝ» ይላል ልጁ በእጁ ምልክት። አለቃው የሚያጠፋው ግን ዝም ላለ ሁሉ አይደለም። ላጲስ ያቀበለው፣ በዕረፍት ሰዓት ከቆሎው ያዘገነው፣ የሰፈሩ ልጅ የሆነ ስሙ ይጠፋለታል። ምንም የሌለው ልጅ ስሙ ከነኤክሱ መምህሩን ይጠብቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የስምንት ዓመት ልጅ ከማንም አፍ ሳይሰማ በተግባር የሚያውቀው እዚያ ነው። እኛ መምህራን «ሥርዓት ያለው ክፍል» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ስም ጠሪ ሆኜ ተመደብኩ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ውስጥ እንዲኖር የሚፈለገው የተማሪ ቁጥር 50 ነው፤ እኔ የተረከብኩት 68 ነበር። ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት፣ አንዳንዱም ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምርበት አሠራር ስለነበር ከመግቢያው ደውል እስከ መልቀቂያው ድረስ ከእኔ ጋር ናቸው። 68 ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያልሞከረው ሰው አይገባውም። የእያንዳንዱን ልጅ የክፍል ሥራ በግማሽ ደቂቃ ባርም ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 34ቱ ያልቃል። ይህን የምጽፈው የሠራሁትን ለማቅለል አይደለም። የክፍል አያያዝ ላይ የሚሰጠን ምክር ሁሉ ይህን ቁጥር ረስቶ የሚጀምር ስለሆነ ነው።

ከልጆቹ መካከል ዕድሜው ከክፍሉ ያለፈ አንድ ልጅ ነበር። ከገጠር ወደ ዘመድ ቤት መጥቶ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ፣ ከሌሎቹ በአንድ ራስ የሚበልጥ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አስቸገረኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳማርር ነባሮቹ የሰጡኝ ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ «አለቃ አድርጊው፤ ረባሽን ሾመሽ ነው የምትይዥው።» ይህ ምክር በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው፤ ሲያዩትም የሚሠራ ይመስላል። ሾምኩት። ክፍሉ በአንድ ሳምንት ተለወጠ። ስብሰባ ወጥቼ ስመለስ በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ዝንብ ስትበር ይሰማል። ዩኒት ሊደሩ የእኔን ክፍል ለሌሎች ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰው። ኮራሁ።

በመስኮቱ በኩል በሦስተኛው ዴስክ አንድ ትንሽ ልጅ ይቀመጥ ነበር። ሲናገር ይንተባተባል። እርሳሱ ዘወትር ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቁራጭ ናት፤ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ቆንጥጦ ይዟት ሲጽፍ ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ። «አስተካክለህ ጻፍ» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ደብተሩን እሞላው ነበር። አንድ ቀን ቁራጯን አይቼ ጮክ ብዬ፣ «እናትህ እርሳስ አትገዛልህም?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱ አንገቱን ደፋ።

በታኅሣሥ መጨረሻ እናቱ መጣች። የጉሊት ነጋዴ ናት፤ ከሥራዋ ተነሥታ ስለመጣች በጣቶቿ መካከል የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆ ነበር። «ቲቸር» አለችኝ፣ «አጥፍቶ ከሆነ ይምቱልኝ፤ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ። በሳምንት ሦስት እርሳስ እየገዛሁለት ሁሉንም ይጥላል። ከየት ላምጣ?»

እሷን ሸኝቼ፣ ልጆቹን ለዕረፍት አስወጥቼ፣ የአለቃውን ቦርሳ ከፈትኩ። አሥራ አንድ እርሳስ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ቀይ መስመር ያለው። የአብዛኞቹ ጫፍ የጥርስ ምልክት አለበት፤ ልጆች እርሳሳቸው ከሌላው እንዳይቀላቀል ነክሰው ምልክት ያደርጉበታል። የአንዱ ንክሻ ጠለቅ ያለ፣ የሌላው ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ። ትንሹን ልጅ ለብቻው አስጠርቼ፣ «የአንተ የትኞቹ ናቸው?» አልኩት። እርሳሶቹን አላየም። የሚያየው በሩን ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ልጅ እንኳን እንዴት አልነገረኝም ብዬ ተናደድኩ። ነግረውኝ እንደነበር ያስታወስኩት ቆይቶ ነው። በጥቅምት አንዲት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ «ቲቸር፣ አለቃው እኮ…» ስትል፣ «አታሳብቂ፤ ሂጂ ተቀመጪ» ብያት ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ከእሷ ጋር 67ቱም ልጆች መልሱን ሰምተዋል።

ከዚያ ያደረግኩት የባሰ ነው። ጉዳዩን ለዩኒት ሊደሩ አሳልፌ ሰጠሁ። በማግስቱ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ትልቁ ልጅ በሰልፉ ፊት ተንበረከከ። ስሙና ጥፋቱ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ተነበበ። በጎማ ተገረፈ። አላለቀሰም። ትንሹን ልጅ በሰልፉ መሃል በዓይኔ ፈልጌ አገኘሁት፤ የሚያለቅሰው እሱ ነበር። ነገ ምን እንደሚጠብቀው ከእኛ ከአዋቂዎቹ ቀድሞ ገብቶታል። በነጋታው ከንፈሩ አብጦ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወ… ወደቅኩ።»

ትልቁ ልጅ ሰው ማሸማቀቅን ከየት ተማረው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ቤቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ ክፍሌን ግን አውቃለሁ። በእኔ ክፍል ትልቅ የሆነ ሰው ትንሹን በሰው ፊት ያዋርዳል፤ የሚያዋርደውም ለሥርዓት ነው ይባላል። ጠመኔውንና ስም የመጻፍ ሥልጣኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለውን አንድ ልጅ «እንቅልፋም» ብዬ ጠርቼው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ በሜዳው ላይ ስሙ «እንቅልፋም» ሆኖ ቀረ። ቅጽል ስሙ ከእኔ አፍ የወጣ መሆኑን እንኳን ረስቼው፣ የሚጠሩትን ልጆች እቆጣ ነበር። ያ ልጅ እንቅልፍ የሚጥለው ለምን እንደነበር የጠየቅኩት በሰኔ ነው። እናቱ ሌሊት የምትጋግረውን እንጀራ ጎህ ሳይቀድ ለሆቴሎች የሚያደርሰው እሱ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ያ ጎማ ሰልፍ ፊት የወጣው ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከመካከላችን «ተው» ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም።

በአማርኛ ትልቁ ልጅ በትንሹ ላይ ያደረገውን ዓይነት ነገር የምንጠራበት አንድ የረጋ ቃል የለንም። ጉልበተኝነት እንላለን፤ ማንጓጠጥ፣ ማሸማቀቅ፣ መተናኮል፣ ማብሸቅ፣ ማግለል እንላለን። ሁሉም የነገሩን አንድ ጎን ይይዛሉ። ልጆች ሲከሱ፣ «ያበሽቀኛል» ይላሉ፤ እኛም ማብሸቅ ቀላል ነገር ስለሚመስለን እንተወዋለን። ከሁሉም የጎዳን ግን «የልጆች ጠብ» የሚለው ስያሜ ይመስለኛል። ጠብ ከሆነ መፍትሔው ዕርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጠርተን፣ «በሉ ታረቁ፣ ተሳሳሙ» እንላለን። እርሳሱን በየቀኑ የተነጠቀ ልጅ የነጣቂውን ጉንጭ እንዲስም እናደርገዋለን። ምን አጥፍቶ ነው የሚታረቀው?

በክረምቱ መርሃ ግብር ዲግሪዬን ስማር ዳን ኦልቬየስ ስለሚባል በኖርዌይ ያስተምር ስለነበረ የሥነ ልቦና ምሁር ሰማሁ። ድርጊቱን ከተራ ጠብ የሚለዩ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል። ሆን ተብሎ ለመጉዳት የሚደረግ ነው፤ ይደጋገማል፤ በሁለቱ መካከል የአቅም መበላለጥ አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን ሲያጠፉ ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ማሠቃየት ሳይሆን አልቀረም ተባለ። አገሪቱ በማግስቱ ዓመት በሁሉም ትምህርት ቤቶች ዘመቻ ከፈተች፤ እሱም ጉልበተኝነትን የሚከላከለውን መርሃ ግብሩን ያዘጋጀው ያኔ ነው። ሦስቱን ምልክቶች ደብተሬ ላይ ስጽፍ አሥራ አንዱ እርሳስ ፊቴ ላይ ተደርድሮ ታየኝ። ይደጋገም ነበር። ይበላለጡም ነበር። መበላለጡን ደግሞ በሹመት ያባስኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ኮርስ የያዝኩት ሌላ ነገር አለ። ጄከብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ክፍሎችን በቪዲዮ እየቀረጸ፣ ክፍላቸው ሥርዓት ያለውንና የሌለውን መምህራን አነጻጽሮ በ1970 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ልጅ ካጠፋ በኋላ በሚሰጡት ቅጣትና ተግሣጽ ረገድ በሁለቱ መምህራን መካከል ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱ ከጥፋቱ በፊት በነበረው ነው። ጎበዞቹ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ እንደሚያዩ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ሲሸጋገሩም ባዶ ጊዜ አይተዉም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የክፍል አያያዝ ማለት የቅጣት ዓይነት መምረጥ ነው ብዬ አምን ነበር።

ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ጉልበተኝነትን የሚከላከል ኪቫ የሚባል መርሃ ግብር አለ። ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። ትኩረቱን የሚያደርገው በዙሪያው ቆመው በሚመለከቱት ልጆች ላይ ነው። የሚያግዝ አለ፣ ስቆ የሚያጋግል አለ፣ ዝም ብሎ የሚያይ አለ፣ ለተጠቂው የሚቆም አለ። ይህን ስሰማ ስለ ፊንላንድ አይደለም ያሰብኩት፤ ያደግኩበት ሰፈር ነው የታወሰኝ። ሁለት ልጆች ሲኮራረፉ ሦስተኛው መጥቶ ሁለት ቦታ አፈር ይቆልላል። «ይህ የእናትህ ጡት ነው፤ ይህ የእሱ እናት ጡት ነው። ወንድ ከሆንክ ርገጠው!» አንዱ ይረግጣል። ያን ጊዜ መጣላት ያልፈለገውም ልጅ ስለ እናቱ ሲል ይጣላል። አፈሩን የቆለለው ልጅ አንድም ጊዜ አይመታም፣ አይቀጣምም። መምህር ሲመጣ ከዳር ቆሞ ምስክር ይሆናል። ምርምሩ በቁጥር ያሳየውን ሰፈራችን በሁለት ቁልል አፈር ያውቀው ነበር፤ እኛ ግን መምህር ስንሆን የምንቀጣው ሁለቱን ተደባዳቢዎች ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሌላ 60 ምናምን ልጅ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት የሰሌዳውን ጥግ መተው ነው። አለቃ አልሾምኩም። ደብተር መሰብሰብ፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ መስኮት መክፈት በየሳምንቱ በዴስክ ተራ የሚዞር ሥራ ሆነ። ስም መጻፍ የማንም ሥራ አልሆነም። ዩኒት ሊደሩ ክፍሌ ጮኸ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራኝ። እውነቱን ነው፤ ጮኋል። እስከ ኅዳር ድረስ ብዙ ቀን አለቃ መሾም አምሮኛል።

በየቀኑ ደብተር ለማረም ልጆችን አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛዬ እጠራ ስለነበር በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» ሌላ ምንም አልጠይቅም። «ማን መታህ?» ብትል ልጅ ይፈራል፤ ይህን ግን ማንም ይመልሳል። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ተከታትሎ፣ «ከማንም» ካለ ወይም ስም ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ካየ፣ በዕረፍት ሰዓት እሱን ለማየት እወጣለሁ። በዚህ መንገድ ያወቅኩት ብዙ ነገር አለ። ለምሳሌ የሴቶቹን ነገር ከዚያ በፊት ፈጽሞ አላየሁትም። ወንዶቹ ሲማቱ ይታያሉ። ሴቶቹ አንዷን ሲያገልሉ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁሉም አብረው የሚጫወቱ ነው የሚመስለው። አንዲት ልጅ በየቀኑ ሱዚ በሚጫወቱት መካከል ነበረች፤ ሳያት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሳምንት ቀርቤ ስመለከት ግን ላስቲኩን በቁርጭምጭሚቷ ወጥራ የምትቆመው ሁልጊዜ እሷ ናት። ሌሎቹ ተራ በተራ ይዘላሉ፤ እሷ ተራ የላትም። «ለምን አትዘዪም?» ስላት፣ «እኔ ያዥ ነኝ» አለችኝ፤ የተወለደችበት ሥራ ይመስል።

ማሳበቅንና መናገርን ለመለየትም ብዙ ቀን ወሰደብኝ። ለልጆቹ የነገርኳቸው በአጭሩ ነው። ሰው እንዲቀጣ ብለህ ከመጣህ ማሳበቅ ነው፤ ሰው እንዲድን ብለህ ከመጣህ መናገር ነው። ይህን መናገር ቀላል ነበር። ከባዱ የሚመጣውን ልጅ በሙሉ መስማት ነው። አንዳንድ ቀን ሃያ ክስ ይመጣል፤ አሥራ ዘጠኙ የላጲስ ነው። ሃያኛውን ለማግኘት አሥራ ዘጠኙን መስማት ግድ ይላል፤ አንዱን በቁጣ ከመለስኩት ሃያኛው አይመጣም።

ያን ትልቁን ልጅ አልረሳሁትም። ከሰልፉ ቅጣት በኋላ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሳያልቅ ትምህርቱን አቋረጠ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ብቻ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻውን አግኝቼው፣ እርሳሶቹን ለምን እንደሰበሰባቸው ጠየቅኩት። አይሸጣቸውም፤ አይጽፍባቸውም። ማንበብም መጻፍም በቅጡ አይችልም ነበር፤ በ12 ዓመቱ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ ፊደል ይሳሳታል። «እነሱ ሲጽፉ ይስቁብኛል» አለኝ። ሲስቁበት አልሰማሁም ነበር። ከሾምኩት በኋላ የሚስቅበት አልነበረምና ችግሩም አብሮ ተዳፈነ። ፊደል ላስተምረው ሲገባኝ ጠመኔ ሰጠሁት። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ከንፈሩ ያበጠው ልጅ እናቱ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወረችው። ሁለቱንም አጣኋቸው።

የልጄን ወረቀት ይዤ ወደ ትምህርት ቤቷ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። መምህሯ ወጣት ናት፤ ከሃያ አምስት ዓመት አትበልጥም። በዕረፍት ሰዓት በር ላይ ቆመን ተነጋገርን። ወረቀቱን ሳወጣ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልከሳት የመጣሁ መስሏት ነው። እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ለዓመታት ስቀበል እንደነበር ነገርኳት። የእርሳሶቹንም ነገር ነገርኳት። ስንት ተማሪ እንዳላት ስጠይቃት፣ «ስድሳ አንድ» አለችና ድካም ባለበት ዓይን አየችኝ። ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አራቱ ኤክስ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እሷ እኮ ዝምተኛ ናት» አለች። «ረብሻ አታውቅም።»

«እያለቀሰች ነበር አሉ።»

ወረቀቱን እያየች ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ከእነማን ጋር ነው የምትቀመጠው?» አለች።

ደውሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተገፋፉ መግባት ጀመሩ። መምህሯ ወረቀቱን አጥፋ በጋዋኗ ኪስ ከተተችው። ገባች፤ ወደ ሰሌዳው አልሄደችም። በዴስኮቹ መካከል እያለፈች፣ እያንዳንዱን ረድፍ እያየች፣ ወደ ኋላ ሄደች።